ከማዕዱ የተረሱት መበለቶች

(የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7)

በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፉ የመጀመሪያይቱን ቤተ ክርስቲያን ሕይወት ሲተርክልን፣ ምእመናኑ በፍቅር ተባብረው እንደኖሩና ያላቸውንም በጋራ እንደተጠቀሙበት ይነግረናል። ነገር ግን ምዕራፍ 6 ላይ ሲደርስ የማኅበሩን ጉድለት አይሸሽገንም። በኢየሩሳሌም ከነበሩት ምእመናን መካከል ከፊሎቹ የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከውጭ መጥተው ግሪክኛ የሚናገሩ ነበሩ። ለድሆች በየዕለቱ እርዳታ ሲታደል፣ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች እየታለፉ ይቀሩ ስለነበር ወገኖቻቸው አጉረመረሙ።

ልብ በሉ፤ ሉቃስ መበለቶቹን የጠላቸው ሰው ነበር አይልም። እንጀራው ነበረ፤ ማዕዱም ተዘርግቶ ነበር፤ ቸርነትም አልጎደለም። የጎደለው ማዕዱ ወደ እነርሱ የሚደርስበት መንገድ ነበር። ቋንቋቸውን የሚያውቅ፣ ቤታቸውን የሚለይ፣ ስማቸውን የሚጠራ ሰው በማደያው ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ማንም ክፉ ሳያስብባቸው ተራቡ። ክፋት በሌለበት ስፍራ እንኳ መርሳት ብቻውን ሰውን ሊያስርብ፣ አልፎም ሊገድል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ዛሬ ይህን ቃል መነሻ በማድረግ ላነጋግራችሁ የምወደው፣ በዘመናችን ማዕዱ ተዘርግቶ ሳለ ስለሚረሱት ወገኖቻችን ነው። እነርሱም ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆኑ ሕዝቦች ወገን ሆነው፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የሚገኝባቸው ወንድሞችና እኅቶች ናቸው።

የማልረሳት እናት

ክህነት በተቀበልሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በአገራችን ምዕራባዊ ቆላ ባለ አንድ ቁምስና ተመድቤ አገለግል ነበር። ከምእመናኑ መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ከልጇ ጋር ግማሽ ቀን በእግር ተጉዛ ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ ደሟ ተመርምሮ ቫይረሱ ተገኘባት። ነርሷ የእናቲቱን ቋንቋ አታውቅም፤ እናቲቱም አማርኛ አትሰማም። በመካከላቸው ቆሞ ያስተረጎመው የ10 ዓመት ልጇ ነበር። ሕፃኑ የበሽታውን ስም ለእናቱ ለመናገር አፈረ፤ ፈራም። ስለዚህ «ደምሽ ደክሟል፤ ይህን ስትጨርሺ ትድኛለሽ» አላት።

እናቲቱም የታዘዘችውን ፈጸመች። በዕቃው ውስጥ ያለውን ክኒን አንድም ሳታጓድል ዋጠች፤ ሰውነቷም በረታላት፤ ሲያልቅ እንደተነገራት የዳነች መሰላትና አቆመች። በዕድሜ ሙሉ የሚወሰድ መድኃኒት መሆኑን የነገራት አልነበረም።

የቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነገሩን ደረሰበት። በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «አባ፣ ይህች እናት መድኃኒቷን አቋርጣለች። ቋንቋዋን የምችል እኔ ነኝና አብረን ወደ ጤና ጣቢያው እንሂድ» አለኝ። እኔም የሰሙነ ሕማማት ዝግጅት ስለበዛብኝ፣ «ከትንሣኤ በዓል በኋላ እንሄዳለን» ብዬ መለስሁለት። ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ መጣ። በበዓለ ጰራቅሊጦስ ሳምንት ቀበርናት።

ነርሷን አልወቅስም፤ ሕፃኑንማ ከቶ አልወቅስም። በዚያ ማዕድ ላይ የማደል ኃላፊነት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። አልጠላኋትም፤ ረሳኋት። ያ ልጅ ዛሬ አድጎ ሰው ሆኗል፤ ይህንንም እንድጽፍ ፈቃዱን ሰጥቶኛል። «አባ፣ ሌላ ልጅ እናቱን እንዳያስተረጉም ይጻፉት» ነበር ያለኝ።

ማዕዱ ተዘርግቷል

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ሐዘኑን የሚያከብደው ማዕዱ መኖሩ ነውና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ለረጅም ዓመታት ለሕሙማን ማቅረብ የሚቻለው ማጽናናት፣ ማስታመምና መቅበር ብቻ ነበር። በ2005 ግን የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ፤ ከ2006 ወዲህም ሕክምናው ከሆስፒታሎች አልፎ ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ደግሞ የጤና ሠራተኞችን እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ አደረሰ። ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት ወደ 600,000 ከሚጠጉት ወገኖቻችን የሚበዙት ዛሬ በመድኃኒቱ ይኖራሉ፤ ይሠራሉ፤ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ።

የሕክምናው ፍሬ ለታማሚው ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን በየዕለቱ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው፣ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንስለታል፤ በዚህም ሁኔታ ጸንቶ የሚኖር ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ሕክምና በሌለበት፣ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚደርሱት ይያዙ ነበር፤ እናቲቱ በእርግዝናዋና በምታጠባበት ጊዜ ሕክምናዋን በሚገባ ስትከታተል ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በአንጻሩ ቫይረሱ ተመልሶ ይበረታል፤ መድኃኒቱንም መልመድ ይጀምራል።

ሕክምና ስንልም ክኒን መስጠት ብቻ ማለታችን አይደለም። የቫይረሱን መጠን መለካት፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩትን ከማናቸውም በሽታ ይልቅ የሚገድለውን ሳንባ ነቀርሳን መመርመር፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን መከታተል፣ ስለ ምግብ መምከር፣ የተጨነቀውን ማጽናናት፣ ከቀጠሮው የቀረውን ፈልጎ ማግኘት፣ ይህ ሁሉ በአንድነት በሰው ቤት አጠገብ ሲገኝ ነው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚባለው። ጉዳዩ የሚጸናውም ሆነ የሚፈርሰው በዚህ፣ በታችኛው ደረጃ ላይ ነው።

የሚረሱት እነማን ናቸው?

በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው 100 ሰዎች ቫይረሱ የሚገኝባቸው ከ1 ያነሱ (0.9) ነበሩ። በጋምቤላ ክልል ግን ቁጥሩ 4.8 ነበር፤ ይኸውም ከአዲስ አበባው 3.4 እንኳ ይበልጣል። አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የሚኖሩበት ይህ ክልል፣ ከታኅሣሥ 2013 ወዲህ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ስደተኞችንም ተቀብሏል።

ይህን ቁጥር የምጠቅሰው ማንንም ሕዝብ ለማሳፈር አይደለም። ቫይረስ ዘር አይለይም። ምክንያቶቹ ሌሎች ናቸው። የአንዱ ጎሣ ቋንቋ ከሌላው የተለየ ነው፤ የጤና ሠራተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ አካባቢ የሚመደብ ነው። በክረምት ወንዞች ሲሞሉ መንገድ ይዘጋል፤ ከብት አርቢውም ሣርና ውኃ ተከትሎ ሲንቀሳቀስ ቀጠሮው ወደ ኋላው ይቀራል። በአንዳንዶቹ ሕዝቦች ዘንድ የወንዶች ግርዛት ልማድ አይደለም፤ ግርዛት ደግሞ ወንዱ ከሴት የሚያገኘውን የቫይረስ አደጋ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በመጨረሻም ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ መንደር ምሥጢር አይጠበቅም፤ በጤና ጣቢያው በር ላይ መታየት ብቻውን ወሬ ይሆናል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በበለጸገችው አሜሪካ እንኳ በሽታው በ1981 ከታወቀ በኋላ የሕክምናው በረከት ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ጥቁር አሜሪካውያን ከሕዝቡ ከ8 ሰው 1 ያህል ሲሆኑ፣ በየዓመቱ ቫይረሱ ከሚገኝባቸው አዲስ ሰዎች ግን ከ10ሩ ወደ 4 የሚጠጉት እነርሱ ናቸው። የአገሪቱ ምክር ቤት በ1990 ለድሆች ሕሙማን ሕክምና የሚውል ሕግ ካወጣ በኋላ፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ለአናሳ ማኅበረሰቦች ብቻ የሚውል ገንዘብ መመደብ ያስፈለገው ስለዚህ ነበር። ለሁሉም የተዘረጋ ማዕድ በራሱ ለሁሉም አይደርስምና።

ደግሞም መጠራጠር የሚያደርሰውን ቁስል አንርሳ። በጥር 1996 በእስራኤል፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ለሕሙማን የለገሱት ደም ቫይረሱን በመፍራት ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር ታወቀ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ። አንድን ሕዝብ በሙሉ እንደ በሽታ መመልከት ሰውን ከሕክምና ያሸሻል እንጂ ወደ ሕክምና አያቀርብም። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ በእኛ በኩል «የእነ እገሌ አገር በሽታ» የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ።

ሐዋርያት ምን አደረጉ?

እንግዲህ ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። የመበለቶቹ ነገር ወደ ሐዋርያት በደረሰ ጊዜ ሦስት ነገሮችን እናያለን።

በመጀመሪያ፣ ማጉረምረሙን ሰሙ። «እነዚህ ምስጋና ቢሶች ናቸው» አላሉም፤ «እንጀራው ለሁሉም ነው፤ መጥተው አይወስዱምን?» ብለውም አልመለሷቸውም። የተረሳ ሰው ሲያጉረመርም ድምፁ ደስ አይልም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚያ ድምፅ በስተጀርባ ያለውን ረኃብ መስማት አለባት።

ሁለተኛ፣ ከሕዝቡ መካከል ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡትን ሰባቱን ስም አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ። ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ማዕዱ በእጃቸው የተሰጠው፣ የተረሱትን ቋንቋ ለሚናገሩና ቤታቸውን ለሚያውቁ ሰዎች ነበር። ማኅበሩ ይህን ሲያደርግ አልሠጋም፤ «አዳዮቹ ከእኛ ወገን ይሁኑ» ብሎም አልተከራከረም።

ሦስተኛ፣ ጸለዩና እጃቸውን ጫኑባቸው። ይህም አገልግሎቱን ከተራ ሥራ ለይቶ ቅዱስ አደረገው። ለመበለት እንጀራ ማድረስ በመንፈስ ቅዱስ የተሞላ ሰው የሚፈልግ ሥራ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን በዚያን ቀን መሰከረች።

ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ? ምዕራፍ 8ን ግለጡ። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ላይ የኢትዮጵያ ንግሥት ባለሥልጣን የነበረውን ጃንደረባ አገኘው፤ ወደ ሠረገላው ቀርቦ፣ የሚያነበውን ይረዳው እንደሆነ ጠየቀው፤ አስተማረው፤ አጠመቀውም። ያን ጥምቀት በኩራት የምንጠቅስ እኛ ኢትዮጵያውያን፣ ወደ ሠረገላው የሮጠው ሰው ለምን ተሹሞ እንደነበር እናስታውስ። ስለ ተረሱ መበለቶች ተሹሞ ነበር። ለተረሱት ማደልን የተማረው እርሱ፣ መንገደኛውን እንግዳ አላለፈውም።

መድኃኒትና ጸሎት

አንዳንድ ምእመናን «ጸሎት ካለ መድኃኒት ለምን?» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ትምህርት የቤተ ክርስቲያን አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38፣ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ፣ ጠቢብ ሰውም መድኃኒትን እንደማይንቅ ያስተምራል፤ በዚያው ምዕራፍ ለሕመምተኛው እንዲጸልይ፣ ከኃጢአትም እንዲመለስ፣ ደግሞም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክረዋል። ሁለቱ አይጣሉም። ምሥጢረ ቀንዲል የተቀበለ ሰው ክኒኑን አይጥልም፤ ክኒኑን የዋጠም ጸሎቱን አይተውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም በ2007 ምእመናን ጠበልና መድኃኒቱን በአንድነት እንዲወስዱ መምከራቸው የሚታወስ ነው።

እንዲሁም ሕመሙ የኃጢአት ቅጣት ነው የሚል ካለ፣ ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ለደቀ መዛሙርቱ የመለሰውን (ዮሐ. 9) ያንብብ። ንጽሕናንና በትዳር መታመንን ማስተማር ግዴታችን ነው፤ አናቋርጠውምም። ነገር ግን የምክር ቃል በታመመ ሰው ራስ ላይ የሚጣል ድንጋይ መሆን የለበትም። በ1987 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ኤድስ የያዘውን ሕፃን በሕዝብ ፊት አቀፉት። በዚያን ዘመን ብዙዎች ሕሙማኑን መጨበጥ እንኳ ይፈሩ ነበር። ያ ማቀፍ ራሱ ስብከት ነበር።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በየቁምስናችን ያለን ሀብት ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። ሐኪም ያልደረሰበትን መንደር ታውቁታላችሁ፤ ሕዝባችሁ በቋንቋው ያምናችኋል። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እለምናችኋለሁ።

1. ሕፃን ልጅ ወላጁን ከቶ አያስተርጉም። ቋንቋ የምትችሉ ሁኑና ታማሚው ሲፈቅድ አብራችሁት ግቡ። ታማሚው ከራሱ ጎሣ የሆነ አስተርጓሚ ምሥጢሩን ያወጣብኛል ብሎ ቢፈራ ደግሞ አትከፉ፤ የሚያምነውን ሰው ይምረጥ።

2. የሰማችሁትን ምሥጢር ጠብቁ። ለሚስታችሁም፣ ለባላችሁም፣ በጸሎት ማኅበርም ስም ጠርታችሁ አትናገሩ። «ስለ ታመመው ወንድማችን እገሌ እንጸልይ» ማለት እንኳ ሰውን ሊያጋልጥ ይችላል።

3. መድኃኒቱ በየዕለቱና በዕድሜ ሙሉ የሚወሰድ መሆኑን በራሳችሁ ቋንቋ በግልጽ አስረዱ። ሰውነት መበርታቱ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል እንጂ ማቆም እንዲገባ አያሳይም።

4. ወንዝ ከመሙላቱ በፊት፣ ከብቶችም ከመነዳታቸው በፊት፣ ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ይሰጠው ዘንድ እንዲጠይቅ አሳስቡት። ሁኔታው ለሚፈቅድለት ሰው የብዙ ወራት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር አለ።

5. ነፍሰ ጡር እናቶችን ከባሎቻቸው ጋር ወደ ምርመራ ሸኙ። ለጋብቻ የሚዘጋጁትንም እንዲሁ ምከሩ።

6. ከቀጠሮው የቀረ ሰው እንዳለ ስትሰሙ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ከበዓል በኋላ አትበሉ።

ለእኛ ለካህናትና ለቁምስና ምክር ቤቶችም የሚነገር ቃል አለ። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ፣ በእርሱ ይከፈላቸው የነበሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። ከሩቅ የሚመጣ እንጀራ አንድ ቀን ሊዘገይ እንደሚችል አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድመው የሚታለፉት ሩቅ ያሉትና ቋንቋቸው የማይሰማላቸው ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁምስና ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ፣ ከየማኅበረሰቡ የተመረጡ፣ ምሥጢር የሚጠብቁ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ሥልጠና የሚያገኙበትን መንገድ ይፈልግ። ለደርሶ መልስ መጓጓዣ የሚሆን ትንሽ ሣጥንም በቤተ ክርስቲያኑ ይኑር። እነዚህንም አገልጋዮች በየካቲት 11 በሚከበረው የሕሙማን ቀን በሕዝቡ ፊት ባርከን እንላካቸው፤ ሐዋርያትም እንዲሁ አድርገዋልና።

የተወደዳችሁ፣ ጌታ በመጨረሻው ቀን ስንት ስብከት እንደሰበክን አይጠይቀንም። ታምሜ ነበር ሲለን የምንመልሰው ይኑረን። እኔ በበኩሌ በዚያን ቀን በፊቱ ስቆም አንዲት እናት አጠገቡ ቆማ እንደማገኛት አምናለሁ። ይቅርታዋን እለምናለሁ፤ እናንተም ጸልዩልኝ። ነገር ግን ከእርሷ ሌላ በእኛ መዘግየት የተረሳች መበለት በዚያ እንዳትቆምብን፣ ዛሬ እንነሣ።

የሕሙማን ፈውስ የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ታማልደን፤ የመጀመሪያው ሰማዕትና የመበለቶች አገልጋይ ቅዱስ እስጢፋኖስ ይጸልይልን። ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፣ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።